ፍርሃት መልክ ሲያወጣ፦ የተረት ፍጡራን ከተፈጥሮ ሥጋት እንዴት ተወለዱ?

በኤፕሪል 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ከተሞችን ጭር ባደረገበት ወቅት፣ የጃፓን የጤና ሚኒስቴር ሕዝቡ ሳያውቀው በሽታውን እንዳያዛምት የሚያሳስብ አንድ ሥዕላዊ መልእክት አሰራጨ። በመልእክቱ ላይ ጎልታ የምትታየው የወፍ መንቁር፣ እስከ ታች የወረደ ፀጉርና ቅርፊት የለበሰ ገላ ያላት፣ በሦስት እግር የምትቆም አማቢዬ የተባለች የባሕር ፍጡር ነበረች። ስለ እርሷ የሚተርከው ወረቀት የታተመው በ1846 ሲሆን ዛሬ በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በወረቀቱ እንደተጻፈው፣ በደቡባዊቱ የሂጎ ግዛት ባሕር ላይ ሌሊት ሌሊት የሚያበራ ነገር ይታይ ነበር፤ አንድ የአካባቢው ሹም ሊያጣራ ሲሄድ ፍጡሯ ከውኃ ወጥታ ለስድስት ዓመት መከሩ እንደሚያምር፣ ነገር ግን በሽታም እንደሚመጣ ነገረችው፤ መልኳን ሥሎ በፍጥነት ለሰው እንዲያሳይ አዘዘችውና ተመልሳ ሰመጠች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቫይረሱን የዘር ቅደም ተከተል በሳምንታት ውስጥ ባነበበ ዘመን፣ ማይክሮስኮፕና የወረርሽኝ ሊቃውንት ያሉት መንግሥት ወደ 174 ዓመት ተረት ለምን ተመለሰ? መልሱ ሚኒስቴሩ በአማቢዬ ስላመነ አይደለም። ቫይረስ መልክ የለውም፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲመጣ አይሰማም። መልክ የሌለውን ነገር ለረጅም ጊዜ በንቃት መፍራት ደግሞ ለሰው እጅግ ከባድ ነው፤ ወይ ይሰለቸዋል፣ ወይ ፍርሃቱን የሚያሳርፍበት ሌላ አካል ይፈልጋል። የተረት ፍጡራንን እንደ መሃይምነት ውጤት ብቻ የሚያያቸው የተለመደ አስተሳሰብ የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እነዚህ ፍጡራን ተፈጥሮን ካለማወቅ የተወለዱ ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ ተፈጥሮን በቅርብ ከማየትም የተወለዱ ናቸው። አደጋውን ያዩ ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ጠባዩን ያውቁ ነበር፤ ያወቁትንም በአውሬ አምሳል አስቀመጡት።

ነገሩ ከአእምሮ ይጀምራል። በጨለማ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ከፊቱ ጥቁር ነገር ሲያይ ጉቶ መሆኑን እስኪያረጋግጥ አይጠብቅም፤ ልቡ ቀድሞ ይመታል፣ እግሩ ቀድሞ ይቆማል። ጉቶውን አውሬ ያለ ሰው የሚያጣው ጥቂት ትንፋሽ ነው፤ አውሬውን ጉቶ ያለ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በብዙ ሺህ ትውልዶች ውስጥ ይህ የኪሳራ ልዩነት ሲደራረብ፣ ከመጠን በላይ የሚጠረጥረው አእምሮ የበለጠ ዘር ተካ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረትና ምሳሌ ይህንን ሕግ ከሥነ ልቦና ምርምር ቀድሞ ተናግሮታል፤ ልዩነቱ ምርምሩ እባቡን ያየው ሰውየው ራሱ ብቻ ሳይሆን የቀደሙት ወላጆቹም ጭምር መሆናቸውን ማከሉ ነው።

አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሊን ኢስቤል በ2006 ያቀረቡት መላምት የሰውና የዝንጀሮ ዘር ስለታም ዓይን የዳበረው በከፊል እባብን ከቅጠል ለመለየት በተደረገ የረጅም ዘመን ትግል ነው ይላል። በ2013 በጦጣዎች ላይ በታተመ ጥናት ደግሞ፣ ከእይታ ጋር በተያያዘ አንድ የአእምሮ ክፍል ያሉ የነርቭ ሴሎች ለእባብ ሥዕል ከሌሎች ሥዕሎች ይልቅ ፈጥነውና ጠንክረው ሲመልሱ ታይቷል። መላምቱ አሁንም ክርክር አለበት። ሆኖም እባብን አግዝፎ የዓለም ጠላት ወይም የውኃ ባለቤት ያደረገው ሕዝብ ብዛት ያስገርማል፦ የግብፆች አፔፕ ሌሊት በሌሊት የፀሐይን ጀልባ ይተናኮላል፤ የሕንድ ጥንታዊ መዝሙሮች ቭሪትራ ውኃን ይዞ ድርቅ ያመጣል፤ የሰሜን አውሮፓው ታላቅ እባብ ምድርን ዙሪያዋን ይጠመጠማል። ድርቅም፣ ጨለማም፣ ባሕርም አንድ ዓይነት ገላ ለብሰው መምጣታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይመስልም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው ለምን አውሬ እንደሚያይ እንጂ አውሬው ለምን በዚያ ቦታ ያን መልክ እንደያዘ አያስረዳም። ለዚያ ወደ ቦታው መሄድ ያስፈልጋል።

በጣሊያን ልሳነ ምድርና በሲሲሊ ደሴት መካከል ያለው የሜሲና ወሽመጥ በጠባቡ በኩል ስፋቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥንታውያኑ ግሪኮች በአንደኛው ዳር ስድስት ራስ ያላትን ሲላን፣ በሌላው ዳር ደግሞ ባሕሩን በቀን ሦስት ጊዜ የምትውጥና ሦስት ጊዜ የምትተፋውን ካሪብዲስን አስቀመጡ። ዛሬ የባሕር ሳይንስ የሚነግረን ወሽመጡ የውኃቸው ሙቀትና ጨዋማነት የሚለያይ ሁለት ባሕሮች የሚገናኙበት መሆኑን ነው፤ የአንዱ ሙላት ከሌላው ጉድለት ጋር ስለሚገጥም ፍሰቱ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ በዚያም አዙሪቶች ይፈጠራሉ። የተረቱ ቁጥር ከእውነተኛው ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ነገር ግን ባሕሩ በቀን ውስጥ በየተራ እንደሚስብና እንደሚገፋ የተናገረው እውነት ነው። ከዚህ በላይ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። ጠንካራው ፍሰት ከጥልቁ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት የሚኖሩ ዓሦችን አንሥቶ በአሸዋው ዳርቻ ላይ ይጥላቸዋል፤ ከእነርሱም መርፌ የመሰለ ጥርሳቸው ከአፋቸው ወጥቶ የተንጨፈረረ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ በገላቸው ላይ ብርሃን የሚሰጥ ነጠብጣብ የተደረደረ አሉ። ማለዳ ወደ ባሕር የወረደ ዓሣ አጥማጅ እንዲህ ያለ ነገር በእግሩ ሥር ቢያገኝ ከታች ምን አለ ብሎ እንዲያስብ እንጠብቃለን? እርዝመቱ የጣት ቢሆንም፣ የጣት ያህሉን ልጅ ያየ የእናቱን መጠን ራሱ ይገምታል።

የኖርዌይ መርከበኞች ክራከንም እንዲሁ ነው። በ1750ዎቹ የበርገን ጳጳስ የነበሩት ኤሪክ ፖንቶፒዳን ስለ አገራቸው ተፈጥሮ በጻፉት መጽሐፍ ጀርባው ደሴት የሚመስል፣ ሲሰምጥ በሚፈጥረው አዙሪት መርከብ የሚያሰጥም ፍጡር ገለጹ። ከአንድ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ የዴንማርኩ የእንስሳት ሊቅ ያፔቱስ ስቴንስትሩፕ በባሕር ዳር የተገኘን ትልቅ መንቁር መርምረው ግዙፉን ስኩዊድ አርኪቴውቲስ ብለው ሳይንሳዊ ስም ሰጡት። ረጃጅም ክንዶች ያሉት ይህ የባሕር እንስሳ እስከ 12 ሜትር ገደማ ሊረዝም ይችላል፤ ዓይኑም ከእንስሳት ሁሉ ዓይን እጅግ ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በሕይወት እያለ በመኖሪያ ጥልቀቱ ፎቶግራፍ የተነሣው በ2004 ሲሆን ያነሡትም ከኦጋሳዋራ ደሴቶች አጠገብ 900 ሜትር ያህል ወደ ታች ካሜራ ያወረዱ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው። መርከበኛው መጠኑን አጋነነ እንጂ ፍጡሩን ከባዶ አልፈጠረም።

ባሕር የሚደብቀውን መሬት አንዳንድ ጊዜ በአጥንት ታሳያለች። በሲሲሊና በሌሎች የሜዲትራኒያን ደሴቶች ዋሻዎች ውስጥ፣ አንዳንዶቹ ቁመታቸው አንድ ሜትር ያህል ብቻ የነበሩ ድንክ ዝሆኖች ቅሪተ አካል ይገኛል። ዝሆን አይቶ የማያውቅ ሰው የዝሆንን የራስ ቅል በእጁ ሲይዝ የሚያየው ግንባሩ መካከል ያለ አንድ ትልቅ ክብ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ኩምቢው የሚያያዝበት የአፍንጫ ክፍተት ነው፤ እውነተኞቹ የዓይን ጉድጓዶች ግን ወደ ጎን የዞሩና እምብዛም የማይታወቁ ናቸው። ኦስትሪያዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኦቴኒዮ አቤል በ1914 ባለ አንድ ዓይኑ የግሪኮች ግዙፍ ሰው፣ ሳይክሎፕስ፣ ከዚህ የራስ ቅል ሳይወጣ እንዳልቀረ ሐሳብ አቀረቡ። በኦስትሪያዋ ክላገንፉርት ከተማ ደግሞ ማስረጃው ይበልጥ የተጨበጠ ነው፤ በአሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በአደባባዩ የተቀረጸው ዘንዶ ጭንቅላቱ የተወሰደው በአካባቢው ከተገኘ የራስ ቅል ሲሆን፣ የኋላ ሊቃውንት ሲመረምሩት በበረዶ ዘመን የኖረ ጠጉራም አውራሪስ ሆኖ አገኙት።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አጥንትንና ተረትን ማጋጠም የሚያስደስት ሥራ ስለሆነ ከማስረጃው ቀድሞ መሮጥ ቀላል ነው። የንስር ራስና የአንበሳ ገላ ያለው ግሪፊን በመካከለኛው እስያ በረሃ ከሚገኘው ፕሮቶሴራቶፕስ የተባለ ዳይኖሰር አጥንት ተወለደ፣ ወርቅ ፈላጊዎች ያዩትም ወሬ በንግድ መስመር ወደ ግሪኮች ደረሰ የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቆይቷል። በ2024 የታተመ ትችት ግን የግሪፊን ሥዕሎች በግብፅና በቅርብ ምሥራቅ ከዚህ ንግድ መስመር ታሪክ እጅግ ቀድመው እንደነበሩ፣ ቅሪተ አካሉ ከሚገኝበትም ስፍራ ወርቅ ይቆፈርባቸዋል እስከተባሉት ቦታዎች ያለው ርቀት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መሆኑን አስረድቷል። ትችቱ ያሳምነኛል። ሰው አስፈሪውን ከሁለት አስፈሪ አውሬዎች መቀጠል ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ፍጡር አንድ አጥንት መፈለግ የምናቡን ኃይል ማሳነስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በሰፊው ልንመለከተው የሚገባን ግን ሰው የሚቆምበት መሬት ራሱ ሲከዳው የተወለዱትን ፍጡራን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ምልክት ሳይሰጥ ይመጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፣ የት እንደገባም አይታወቅም። ጃፓናውያን በመጀመሪያ አገራቸውን ዙሪያዋን የከበበ ዘንዶ በካርታ ላይ ይሥሉ ነበር፤ ኋላ ግን ዘንዶው ቦታውን ናማዙ ለተባለ ግዙፍ አምባዛ ለቀቀ። አምባዛው ከምድር በታች ይተኛል፤ የካሺማ አምላክም በአንድ ታላቅ ድንጋይ ጭንቅላቱን ተጭኖ ይይዘዋል፤ አምላኩ ሲዘነጋ አምባዛው ጅራቱን ያማታል፣ ምድርም ትናወጣለች።

በኖቬምበር 11 ቀን 1855 ሌሊት፣ ዛሬ ቶኪዮ የምትባለውን ኤዶን መንቀጥቀጥ መታትና ሺዎች በፍርስራሽና በእሳት አለቁ። ዕለቱ በአገሪቱ የቀን አቆጣጠር በአሥረኛው ወር ላይ የዋለ ነበር፤ በዚያ ወር አማልክት ሁሉ ወደ ኢዙሞ ለጉባኤ እንደሚሄዱ ይታመን ስለነበር፣ የካሺማ አምላክ ቦታው ላይ አልነበረም ማለት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ መንግሥት ፈቃድ የታተሙ የአምባዛ ሥዕሎች ከተማዋን አጥለቀለቋት። በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ከአደጋው የተረፉ ወንዶችና ሴቶች፣ ሕፃናትም ሳይቀሩ፣ አምባዛውን በዱላና በቤት ዕቃ ሲቀጠቅጡት ይታያል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከሥዕሉ ዳር የተለየ ነገር አለ፤ አናጢዎች፣ ለሳኞችና ጣሪያ ከዳኞች ድብደባውን ለማስቆም እየሮጡ ነው። ከተማዋ እንደገና ስትሠራ ሥራና ከፍ ያለ ዋጋ የሚያገኙት እነርሱ ናቸውና። በሌሎች ሥዕሎች አምባዛው ሀብታሞችን አስጨንቆ የደበቁትን ገንዘብ ሲያስተፋቸው ይታያል። ባለሥልጣናቱ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ የማተሚያውን ቅርጽ እንዲወድም አዘዙ፤ ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም። ሕዝቡ ስለ ዓሣ የሚያወራ እየመሰለ ስለ ድህነት፣ ስለ ስስትና መልሶ ስለ መገንባት ያወራ ነበር። የተፈጥሮ ፍርሃት መልክ ካወጣ በኋላ ሌሎች የታፈኑ ነገሮችም በዚያው መልክ ይናገራሉ። ያ አምባዛ ዛሬም በጃፓን መንገዶች አለ፤ ታላቅ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ለአስቸኳይ ጊዜ ተሽከርካሪዎች ብቻ ክፍት የሚሆኑትን ጎዳናዎች በሚያመለክቱ ሰሌዳዎች ላይ ሰማያዊ አምባዛ ተሥሎ ይታያል።

ከፓስፊክ ማዶ፣ ዛሬ የካናዳና የአሜሪካ ግዛት በሆነው የሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ነባር ሕዝቦች ስለ ነጎድጓድ ወፍና ስለ ዓሣ ነባሪ ትግል ይተርካሉ። ወፉ ዓሣ ነባሪውን በጥፍሮቹ ይዞ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ መልሶ ይጥለዋል፤ ምድር ትንቀጠቀጣለች፣ ባሕሩ ይሸሻል፣ ከዚያም ተመልሶ መንደሮችን ይውጣል። የነጮች ሰፋሪዎች ይህንን ለረጅም ጊዜ እንደ ልጆች ተረት ቆጠሩት፤ የተጻፈው የአካባቢው ታሪክ አጭር ስለሆነም እዚያ ታላቅ መንቀጥቀጥ ደርሶ እንደማያውቅ ይታሰብ ነበር። ይሁን እንጂ በዋሺንግተን ግዛት በኮፓሊስ ወንዝ ረግረግ ውስጥ ቅርፊታቸው የረገፈ፣ ግራጫ የሆኑ የዝግባ ግንዶች ቆመው ነበር። መሬቱ በድንገት ዝቅ ብሎ ጨዋማ ውኃ ሥራቸውን ገድሎታል። የእድሜ ቀለበታቸው ሲቆጠር የመጨረሻው እድገታቸው በ1699 ያበቃ ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል ጃፓናውያን ጸሐፍት በጃንዋሪ 1700 መሬት ሳይንቀጠቀጥ ስለመጣ አንድ እንግዳ ማዕበል መዝግበው ነበር። በ1996 ጃፓናዊው የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ኬንጂ ሳታኬና ባልደረቦቹ ማዕበሉ ፓስፊክን ለመሻገር የሚወስድበትን ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥረው መነሻውን በጃንዋሪ 26 ቀን 1700፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በዚያው የአሜሪካ ዳርቻ የደረሰ 9 ያህል መጠን ያለው መንቀጥቀጥ አድርገው አስቀመጡት። ሩት ሉድዊን የተባሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ደግሞ ከዳርቻው ሕዝቦች ትረካዎችን ሰብስበው ከዚህ ግኝት ጋር አነጻጸሩ፤ ሌሊት መሆኑን፣ መሬቱ መንቀጥቀጡን፣ ከዚያም ውኃው መምጣቱን የሚናገሩ ትረካዎች ነበሩባቸው። ዛፉ፣ የጃፓን መዝገብና የነጎድጓዱ ወፍ ስለ አንድ ሌሊት የሚመሰክሩ ሦስት ምስክሮች ሆኑ። ከሦስቱ መካከል ለምዕት ዓመታት ሳይሰማ የቀረው በሰው አፍ ይነገር የነበረው መሆኑ ያሳዝነኛል።

ተፈጥሮ ግን ከሰው ውጭ ብቻ አይደለችም፤ ሰውነታችንም ተፈጥሮ ነው፣ ያስፈራናልም። በአማርኛ ዱካክ የምንለውን ያየ ሰው ያውቀዋል። እኔም አይቼዋለሁ፦ ዓይኔ ተከፍቷል፣ ክፍሉንና መስኮቱን ለይቼ አያለሁ፣ ግን ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻልኩም፤ ደረቴ ላይ አንድ ከባድ ነገር ተቀምጧል፣ ከበሩ በኩልም አንድ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ። የዚህ አሠራሩ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ አእምሮ የሕልሙን እንቅስቃሴ በአካል እንዳንፈጽመው ጡንቻዎቻችንን ይቆልፋል፤ ቁልፉ ሳይፈታ ንቃት ሲቀድም ሕልሙና ክፍሉ ይደባለቃሉ። ከመቶ ሰው ወደ ስምንቱ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያጋጥመዋል። ጃፓናውያን ካናሺባሪ፣ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች «አሮጊቷ» ይሉታል፤ ቃላችን ዱካክም ከእነዚሁ ጋር የሚሰለፍ ነው። አሠራሩን ማወቄ በዚያች ደቂቃ አንዳች አልረዳኝም፤ የረዳኝ ከነቃሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥንት ሌሊቱን ሙሉ ፍጡር ደረቴ ላይ ተቀምጦ አደረ ያለን ሰው ዋሸ ለማለት አልደፍርም፤ የደረሰበትን በትክክል ተናግሯል፣ የጎደለው ምክንያቱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ መጉደሉ ግን አንዳንዴ እጅግ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። በ1725 በሰርቢያ በኪሲሎቫ መንደር፣ በ1732ም በሜድቬጃ፣ የኦስትሪያ ሹማምንትና የጦር ሠራዊት ሐኪሞች በተገኙበት መቃብሮች ተከፍተው ሙታን ደም መጣጭ ቫምፓየር ሆነዋል ተብለው ተወጉ፣ ተቃጠሉም። ሪፖርቶቹ የሚያስደነግጡት ያዩትን በጥንቃቄ መዝግበው ሳለ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ መድረሳቸው ነው፦ አስከሬኑ ተነፍቷል፣ ከአፉ ደም የመሰለ ፈሳሽ ወጥቷል፣ ጥፍሩና ጠጉሩ ያደገ ይመስላል። የመበስበስ ጋዝ ሆድን ይነፋል፣ ጥቁር ፈሳሽን ወደ አፍ ይገፋል፤ ቆዳ ሲሰበሰብም የጥፍር ሥር ይገለጣል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሐኪማቸውን የጌራርድ ፋን ስዊተንን ዘገባ ተቀብለው በ1755 እንዲህ ያለውን የመቃብር መክፈት ድርጊት ከለከሉ።

ክልከላው ግን ሥጋቱ ያለበት ሁሉ ጋር አልደረሰም። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ በኤክሰተር ከተማ፣ በ1892 የአንድ ቤተሰብ እናትና ታላቅ ልጅ ከዓመታት በፊት በሳንባ ነቀርሳ ሞተው፣ ሌላይቱ የ19 ዓመት ልጅም በዚያው የብርድ ወቅት ሞታ፣ ወንድሟ ደግሞ እየመነመነ ነበር። ጎረቤቶች ከሞቱት አንዱ የወንድሟን ሕይወት እየመጠጠ ነው አሉ። በማርች ወር አስከሬኖቹ ሲመረመሩ፣ በብርድ ወራት የሞተችው ወጣት ገና አልፈረሰችም ነበር፤ በልቧም ደም ተገኘ። ልቧን አቃጥለው አመዱን በሽተኛው ወንድሟ እንዲጠጣ ሰጡት። በሜይ መጀመሪያ ሞተ። ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ለይተው ካሳወቁ ድፍን አሥር ዓመት ሆኖ ነበር። እውቀቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ግን አልነበረም፤ የነበረው አንድ አባት፣ ልጁን ለማትረፍ የሚፈልግ፣ ጎረቤቶቹ ሲገፉት እምቢ ለማለት ያልቻለ ሰው ነበር።

የማዳጋስካሩ አይ አይም ከዚህ ሰፈር ነው። ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ዓይነ ትልልቅ፣ ከዝንጀሮ ጋር የሩቅ ዝምድና ያለው ትንሽ እንስሳ ነው፤ መካከለኛ ጣቱ እንደ ሽቦ የቀጠነ ሲሆን በእርሱ የዛፍ ግንድ እያንኳኳ ውስጡ ያሉትን ትሎች በድምፅ ይለያል፣ ያወጣቸዋልም። በአንዳንድ የደሴቲቱ አካባቢዎች ጣቱን ወደ ሰው ካመለከተ ሞት ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን እንደታየ ይገደላል፤ ከደን መመናመን ጋር ተደምሮም የመጥፋት አደጋ ተደቅኖበታል። ጨለማን የፈራ ሰው ጨለማን መግደል አይችልም፤ በጨለማ የሚኖረውን ግን ይችላል።

እንግዲህ አንዱ ፍጡር ሕይወት አትራፊ፣ ሌላው ሕይወት አጥፊ የሆነው በምን ተለያይተው ነው? የእኔ ግምት ልዩነቱ ፍጡሩ ጣቱን ወዴት እንደሚቀስር ነው የሚል ነው። ቦታንና ምልክትን የሚያመለክቱ አሉ፦ እዚህ አዙሪት አለ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ሩጡ፣ ይህ ኩሬ ጥልቅ ነው የሚሉ። በእንግሊዝ ላንካሽር ወላጆች በኩሬ ውስጥ የምትኖር አረንጓዴ ጥርስ ያላት ሴት ትጎትታለች እያሉ ልጆችን ያስፈራሩ ነበር፤ ኩሬውን ሜዳ አስመስሎ የሚሸፍነውን አረንጓዴ የውኃ ተክል ላየ ሰው ተረቱ ምን እየጠበቀ እንደነበር ግልጽ ነው። የጃፓኑ የወንዝ ፍጡር ካፓም ዛሬ ድረስ በአደገኛ ውኃ ዳር ባሉ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎች ላይ ይሣላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ስለሚገምት፣ ፍርሃቱ ጊዜ ያለፈበት አይደለም። ሌሎቹ ፍጡራን ግን ጥፋተኛን ያመለክታሉ፦ ይህች ሟች፣ ያ እንስሳ፣ ያ ጎረቤት ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰውን ከአደጋው ያርቁታል፤ የኋለኞቹ ሰውን በአደጋው ፈንታ ሌላ ነገር እንዲያጠቃ ይልኩታል።

ሁለቱም መንገዶች ዛሬም ክፍት ናቸው። አማቢዬ በሚኒስቴሩ መልእክት ላይ በታየችበት በዚያው ኤፕሪል 2020፣ በብሪታንያ የ5ጂ ሞገድ በሽታውን ያመጣል ወይም ያዛምታል ብለው ያመኑ ሰዎች በደርዘን የሚቆጠሩ የስልክ ማማዎችን አቃጥለዋል። ፍርሃቱ አንድ ነው፣ ቫይረሱም አንድ ነው። አንደኛው ፍርሃት በታወቀ ተረትነቱ ታምኖ ሥዕል ሆነ፤ ሌላው ተረትነቱን ክዶ በማስረጃ ስም ቀረበ። የዘመናችን አስፈሪ ፍጡራን ከጥንቶቹ የሚብሱበት አንዱ ጠባይ ይህ ይመስለኛል፤ ቀንድና ጅራት ስለሌላቸው አፈ ታሪክ መሆናቸው አይታወቅም።

በዲሴምበር 26 ቀን 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በደረሰ ጊዜ፣ በታይላንድ ሱሪን ደሴቶች የሚኖሩ የሞከን ሕዝብ ሽማግሌዎች ባሕሩ ባልተለመደ ሁኔታ ሲሸሽ አዩ። በተረታቸው ላቡን የሚሉት፣ ሰው የሚበላ ማዕበል አለ፤ ከመምጣቱ በፊት ባሕሩ እንደሚሸሽ አያቶቻቸው ነግረዋቸዋል። መንደራቸውን ጥለው ወደ ከፍታ ወጡ። መንደሩ ጠፋ፣ ሕዝቡ ግን ተረፈ። በዚያው ቀን በሌሎች ዳርቻዎች ብዙዎች በተጋለጠው የባሕር ወለል ላይ ዓሣ ሊለቅሙ ወርደው ነበር፤ አንዳቸውም ቢሆኑ ከሞከን ያነሰ አስተዋይ አልነበሩም፣ ሰው የሚበላ ማዕበል እንዳለ የነገራቸው ግን አልነበረም።

በዋሺንግተን ግዛት ዳርቻም፣ የነጎድጓድ ወፍና የዓሣ ነባሪ ትረካ ከሚነገርበት ከዚያው ባሕር አጠገብ፣ የሾልዎተር ቤይ ነባር ሕዝብ በ2022 የሱናሚ ማምለጫ ማማ ሠርቶ አስመረቀ። አካባቢው ዝቅ ያለ ሜዳ ስለሆነ፣ መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላ ውኃው እስኪደርስ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ሰው በእግሩ የሚደርስበት በቂ ኮረብታ የለም። ማማው በጥልቅ በተቀበሩ ምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ ከላይ ባሉት ወለሎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚይዝ ነው። ደረጃው ሰፊ ተደርጎ የተሠራው ሕፃን ያዘለም፣ አዛውንት የደገፈም በጨለማ እንዲወጣው ነው፤ የ1700ው ውኃም የመጣው በሌሊት ነበር።